ፊቱ ለምን ግራጫ ሆነ? የኤሚ ሼራልድ ሥዕሎችና ያስነሱት ክርክር

ኤሚ ሼራልድ የምትባለውን አሜሪካዊት ሠዓሊ በስሟ የማያውቃት ብዙ ነው። ሥዕሏን ግን አብዛኛው ሰው አይቶታል። ሚሼል ኦባማ ሰፊ ቀሚስ ለብሰው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው የተቀመጡበት ሥዕል የእሷ ነው። ሥዕሉ በ2018 ይፋ ሲሆን ማኅበራዊ ሚዲያው በአንድ ጥያቄ ተሞላ። ፊታቸው ለምን ግራጫ ሆነ?

ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ2025 ጁላይ፣ ስሟ እንደገና ዜና ሆነ። የሚሼል ኦባማን ሥዕል ያሠራው ሙዚየም የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ነው። በዚያው ሙዚየም ሊከፈት ሁለት ወር ያህል የቀረውን ኤግዚቢሽኗን ራሷ ሰረዘችው። ነገሩ ሲወራ አንዱ "ሙዚየሙ አገዳት" ይላል። ሌላው "መንግሥት አስወረደባት" ይላል። ሁለቱም የሆነውን በትክክል አይገልጹም።

አንደኛው ክርክር ስለ ቀለም፣ ሁለተኛው ስለ ፖለቲካ ይመስላል። ሥራዋን ከመጀመሪያው ለተከታተለ ሰው ግን ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው። በአንድ አገር ግድግዳ ላይ የማን መልክ ይሰቀላል? የተሰቀለውስ ሰው እንዴት ይታያል? ሼራልድ ዕድሜዋን የሠራችው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖርትሬት ሲባል

ፖርትሬት አንድን ሰው ለይቶ የሚያሳይ ሥዕል ነው። መልክ መቅዳት ብቻ አይደለም። የሰውየውን ማንነት፣ ክብርና ስሜት ጭምር ለመያዝ ይሞክራል። በእኛ ዘንድ ለዚህ ሐሳብ በጣም የሚቀርበው ምናልባት ሥዕል ሳይሆን ግጥም ነው። መልክአ ማርያምን ወይም መልክአ ኢየሱስን የሰማ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ደራሲው ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን አካል "ሰላም" እያለ ያወድሳል። መልክ የሚለው ቃል እዚያ ከፊት ቅርጽ በጣም ይሰፋል።

በአውሮፓ ፖርትሬት ለብዙ መቶ ዓመታት የንጉሥ፣ የመኳንንት፣ የጳጳስና የሀብታም ነጋዴ ነበር። ሠዓሊ ማሠራት ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በትልልቆቹ ሙዚየሞች የምናየው መልክ በብዛት የከፋዩ መልክ ነው። ጥቁር ሰው በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ ነው። ትሪ ይዟል፣ ፈረስ ይስባል፣ ለእመቤቲቱ ጥላ ይዘረጋል። ስሙም አይጻፍም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ በ1962 በኮንግረስ ሕግ ተቋቁሞ በ1968 ለሕዝብ ተከፈተ። የአሜሪካን ታሪክ በሰዎች መልክ ይናገራል። ከዋይት ሀውስ ውጭ የፕሬዝዳንቶቹ ሁሉ ፖርትሬት ተሟልቶ የሚገኘው እዚህ ነው። በዲሲና አካባቢዋ የሚኖሩ አንባቢዎች ሕንፃውን ያውቁታል። ጋለሪ ፕሌስ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ እንደወጡ አጠገቡ ነው። መግቢያው በነጻ ነው። እዚህ ግድግዳ ላይ መሰቀል "ይህ ሰው የአገሪቱ ታሪክ አካል ነው" የሚል ማኅተም እንደማግኘት ይቆጠራል። ክርክሩ የሚከረውም ለዚህ ነው።

ከኮሎምበስ እስከ ባልቲሞር

ሼራልድ በ1973 በጆርጂያ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ተወለደች። አባቷ የጥርስ ሐኪም ነበር። እናቷ እሷም ሐኪም እንድትሆን ትፈልግ ነበር። ይህ ምኞት በእኛም ቤት በደንብ የታወቀ ነው።

በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ጋር ወደ ከተማዋ ሙዚየም ለጉብኝት ሄደች። እዚያ ቦ ባርትሌት የሚባል የኮሎምበስ ተወላጅ ሠዓሊ ሥራ አየች። በሥዕሉ ውስጥ ጥቁር ሰው ቆሟል። በሙዚየም ግድግዳ ላይ እሷን የሚመስል ሰው ስታይ ያ የመጀመሪያዋ እንደነበር በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ተናግራለች።

ክላርክ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ለሕክምና ለመዘጋጀት ነበር። ኋላ ግን ወደ ሥዕል ዞራ በ1997 ተመረቀች። በ2004 ደግሞ ባልቲሞር ካለው ሜሪላንድ ኢንስቲትዩት ኮሌጅ ኦፍ አርት የማስተርስ ዲግሪዋን ያዘች። በዚያው ሰሞን፣ 30 ዓመቷ ላይ፣ ካርዲዮማዮፓቲ እንዳለባት ተነገራት። የልብ ጡንቻ እየደከመ ደም በበቂ መርጨት የሚያቅተው ሕመም ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ከባድ ነበሩ። ኑሮዋን የምትገፋው በሬስቶራንት አስተናጋጅነት ነው። መሃል ላይ የታመሙ ዘመዶቿን ልታስታምም ወደ ጆርጂያ ተመልሳ ሥዕሉን አቁማ ነበር። በ2012 ፋርማሲ ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ሆስፒታል ተኝታ ልብ መጠበቅ ጀመረች። በዚያው ሰሞን ወንድሟ በካንሰር ሞተ። በዲሴምበር 2012 የልብ ንቅለ ተከላ ተደረገላት። 39 ዓመቷ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይተረካል። ማንበብ ልብ ይነካል፣ እውነትም ነው። ለሥራዋ ያለው ትርጉም ግን የበለጠ ተጨባጭ ነው። ብዙ ሠዓሊዎች ስም የሚያወጡባቸውን ዓመታት ሕመም፣ አስታማሚነትና የአስተናጋጅነት ሥራ ተካፍለውባታል። በሴት ሠዓሊዎች ሕይወት ውስጥ ዘመድ ማስታመም ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ በሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት እምብዛም አይነሳም። ሊነሳ ይገባዋል።

ስሟ የወጣው በ2016 ነው። ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ በየ3 ዓመቱ የሚያካሂደውን የአውትዊን ቡቼቨር ውድድር አሸነፈች። ከ2,500 በላይ ሥራዎች የቀረቡበት፣ የ25,000 ዶላር ሽልማት ያለው ውድድር ነው። ከተጀመረበት ከ2006 ወዲህ አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሆነች። ያሸነፈው ሥዕል ቀይ ባርኔጣና ነጭ ጓንት አድርጋ፣ ከልክ በላይ ትልቅ የሻይ ስኒ የያዘች ወጣት ያሳያል። ፊቷ ግራጫ ነው።

ግራጫው ከየት መጣ?

በግራጫ ቀለም ብቻ መሳል አዲስ ነገር አይደለም። ግሪዛይ ይባላል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ግራጫ ከሚለው የመጣ ነው። የጥንት አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ሥዕሉ የድንጋይ ሐውልት እንዲመስል ሲፈልጉ ይጠቀሙበት ነበር። ጂዮቶ በ1300ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን ፓዱዋ ከተማ ባለ ቤተ ጸሎት ግድግዳ ላይ መልካም ምግባርንና ኃጢአትን በሰው አምሳል የሳለው በዚህ መንገድ ነው። ሌላም ጥቅም ነበረው። መጀመሪያ ብርሃንና ጥላውን በግራጫ ይይዙታል። ከዚያ እላዩ ላይ ቀለም ይደርቡበታል።

ሼራልድ ከዚህ ልማድ የወሰደችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆዳው ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ሁሉ ቀለም አለው። ልብሱ ቢጫ፣ ቀይ፣ የሎሚ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ከጀርባ ያለው ብዙ ጊዜ ዝርግ፣ ደማቅ፣ አንድ ወጥ ቀለም ነው። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ መንደር የለም። ለቆዳው ጥቁርን ኔፕልስ ቢጫ ከሚባለው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጋር ትቀላቅላለች። ስለዚህ ግራጫዋ የሲሚንቶ ግራጫ አይደለም። ለብ ያለ ነው። ይህን በስልክ ስክሪን ላይ መለየት ያስቸግራል። በ2018 ለተነሳው ግርግር አንዱ ምክንያትም አብዛኛው ተቺ ሥዕሉን በስልክ ማየቱ ይመስለኛል።

ዘዴው ለምን እንዳስፈለጋት ስትጠየቅ መልሷ ራሱ ከጊዜ ጋር ተለውጧል። መጀመሪያ ላይ ለዓይኗ ደስ ስላላት ብቻ እንደመረጠችው ትናገራለች። ቆይታ ግን ሥዕሎቿ ስለ ዘር ጉዳይ ብቻ ተብለው እንዳይነበቡ ሳታውቀው ስትከላከል እንደነበር ተረዳች። ይህን መልስ ቀስ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

እኛ አንድን ሰው ለማያውቀው ሰው ስንገልጽ ምን እንላለን? "ረዘም ያለች፣ ቀይ ዳማ" እንላለን። "ጠይም፣ ቀጠን ያለ" እንላለን። ቀለም ከስም ቀጥሎ ይመጣል። በአሜሪካ ግን የቆዳ ቀለም መግለጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማን የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚማር፣ ፖሊስ እንዴት እንደሚያየው ለብዙ ዘመን ሲወስን ኖሯል። ስለዚህ ተመልካች ጥቁር ሰው የተሳለበት ሸራ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ታሪክ ነው። ሰውየውን አይደለም። ግራጫው ይህን ልማድ ለአፍታ ያደናቅፈዋል። ዓይን የለመደውን መልስ ሲያጣ መፈለግ ይጀምራል። እጇን ያያል፣ አቀማመጧን ያያል፣ ቀሚሷን ያያል። ዓይኗን ያያል።

ዓይን ካልን አይቀር፣ የሼራልድ ሰዎች አብዛኞቹ ተመልካቹን ፊት ለፊት ያያሉ። አይስቁም፣ አይቆጡም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላደገ ዓይን ይህ እንግዳ አይሆንም። በአገራችን ጥንታዊ ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ወደ እኛ ያያሉ። ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። የዓይን አቅጣጫ የሰውየውን ደረጃ ይናገራል። ሼራልድ ከዚህ ባህል አልወሰደችም። ግን ቀለምና ዓይን ፎቶ መሆን እንደሌለባቸው፣ ትርጉም እንደሚሸከሙ ለመረዳት ለእኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ምንጭ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። ከባርነት ነጻ ወጥቶ ታላቅ ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ጊዜ ፎቶ ከተነሱ አሜሪካውያን ቀዳሚው ነው። ከ160 በላይ ፎቶዎቹ ተለይተዋል። አውቆ ነው የተነሳው። በጋዜጣ ላይ ጥቁር ሰው እንደ መቀለጃ በሚሳልበት ዘመን፣ ካሜራ ራሱን በራሱ መንገድ እንዲያሳይ አስችሎታል። በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ የጥቁር አሜሪካውያንን ፎቶዎች በአልበም አደራጅቶ ያቀረበው ለዚሁ ዓላማ ነበር። ሠዓሊ ማሠራት ለማይችል ቤተሰብ ፖርትሬቱ በሳሎን የተሰቀለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሼራልድ እነዚህን ፎቶዎች የሥራዋ ምንጭ አድርጋ ደጋግማ ትጠቅሳለች። ግራጫው ቆዳ የዚያ አልበም ትዝታ አለበት።

ተቃውሞው ግን ቀላል አይደለም። አንዱ እንዲህ ይላል። ጥቁር ቆዳ ከሙዚየም ለዘመናት ተገፍቷል። አሁን በር ሲከፈት የራሱን ቀለም ለምን እናወልቀው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሸራው ፊት ሲቆሙ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። የሼራልድን ሰዎች አይቶ ጥቁር አሜሪካውያን መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። ጠጉሩ፣ አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ አቋሙ ሁሉ አለ።

ለእኔ የሚከብደኝ ሁለተኛው ትችት ነው። በእውነተኛው ዓለም ጥቁር ቆዳ አንድ አይደለም። ከጠይም እስከ ጥቁር ስንት ዓይነት አለ። ሁሉንም አንድ ግራጫ ማድረግ፣ ሰውን ለይቶ ማሳየት ያለበትን ፖርትሬት ሰውን ወደሚያመሳስል ነገር አይለውጠውም? ሼራልድ መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን የማታውቃቸውን ሰዎች ታነጋግራለች፣ ልብስ ትመርጥላቸዋለች፣ ፎቶ ታነሳቸዋለች፣ ከፎቶው ትስላለች። የሥዕሎቿም ርዕስ ስማቸው ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከግጥምና ከልብ ወለድ የተወሰደ ሐረግ ነው። ስለዚህ የምናየው ያንን ሰው ነው ወይስ እሷ የፈጠረችውን ገጸ ባሕርይ? ሥራዋ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ጥንካሬዋም ድክመቷም ያለው እዚያ ላይ ነው።

የሚሼል ኦባማ ሥዕል

የታወቀ ሰው ሲሳል ይህ ችግር ጎልቶ ወጣ። ባራክ እና ሚሼል ኦባማ ሠዓሊዎቻቸውን ራሳቸው መረጡ። ባራክ ኬሂንዴ ዋይሊ የተባለውን ሠዓሊ፣ ሚሼል ሼራልድን። ሁለቱ ሥዕሎች ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018 ይፋ ሆኑ። ለዚህ ጋለሪ የፕሬዝዳንትና የቀዳማዊት እመቤት ይፋዊ ፖርትሬት እንዲሠሩ የታዘዙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ናቸው።

"አይመስሉም" የሚለው አስተያየት ወዲያው መጣ። ዓለም ሚሼል ኦባማን የሚያውቃቸው በፈገግታ፣ በእንቅስቃሴና በንግግር ነው። እዚህ ግን ዝም ብለዋል። ፊታቸው የሸራውን ትንሽ ክፍል ብቻ ይዟል። ትልቁን የያዘው ቀሚሱ ነው። ከወገብ ወደ ታች እንደ ተራራ ተዘርግቷል። ጨርቁ ላይ ያሉትን የተቆራረጡ ቅርጾች ሼራልድ ከጂስ ቤንድ ብርድ ልብሶች ጋር አያይዛቸዋለች። ጂስ ቤንድ በአላባማ ያለ ትንሽ መንደር ነው። በባርነት የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ ሰፍተው የሚሠሩት ብርድ ልብስ ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ይታያል።

ስለዚህ ሥዕሉ የሚያሳየው የቴሌቪዥኗን ሚሼል አይደለም። ከዚያ መንደር እናቶች ጋር በአንድ ክር የተሰፋች ሴት ነው። ለእኔ ይህ ምርጫ ትክክል ነው። ፈገግታው በሺህ ፎቶ ላይ አለ። አስቦ የተቀመጠ መልክ ግን ሥዕል ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ "እሳቸውን አላየሁበትም" ያለ ተመልካች ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ፖርትሬት መምሰልም አለበት የሚለው የቆየ መለኪያ ነውና።

ሕዝቡ ምላሹን በእግሩ ሰጠ። በዚያ ዓመት የሙዚየሙ ጎብኚ ከ2 ሚሊዮን አለፈ፤ ከቀድሞው በእጥፍ ያህል ማለት ነው። ሰልፉ ስለበዛ ሥዕሉን ሰፋ ወዳለ ክፍል ማዛወር ግድ ሆነ። ከ2021 ጀምሮም ሁለቱ ሥዕሎች ቺካጎን፣ ብሩክሊንን፣ ሎስ አንጀለስን፣ አትላንታንና ሂውስተንን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ዞሩ።

ብሬዎና ቴይለር

ማርች 13 ቀን 2020 በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ የ26 ዓመቷ ብሬዎና ቴይለር ሌሊት ቤቷ በገቡ ፖሊሶች ጥይት ተገደለች። ቫኒቲ ፌር የተባለው መጽሔት ለሴፕቴምበር እትም ሽፋን ሼራልድ እንድትስላት ጠየቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝታ ፎቶ ልታነሳው የማትችለውን ሰው ልትስል ነው። በቁመና የምትመስላት ሴት ፈልጋ ለቅርጹ ተጠቀመችባት። ከሟች ቤተሰብ ጋርም ተነጋገረች። ቀሚሱን፣ የአንገት መስቀሉን አሰበችበት። የሟች የፍቅር ጓደኛ ሊያጫት አስቦ እንደነበር ስትሰማ ጣቷ ላይ ቀለበት ሳለች።

ሥዕሉን በ2021 ሁለት ሙዚየሞች በጋራ ገዙት። አንዱ በሉዊቪል ያለው ስፒድ ሙዚየም ነው። ሁለተኛው በዋሽንግተን ያለው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ነው። ለግዢው ሁለት ፋውንዴሽኖች 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ሼራልድ ገንዘቡን በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ በሟች ስም ለተቋቋመ የትምህርት ድጋፍ አዋለችው። ሥዕሉ የማን መሆን አለበት የሚለውን ሠዓሊዋ ራሷ ያሰበችበት መሆኑ ወደፊት ለምናነሳው ነገር ጠቃሚ ነው።

4 ሚሊዮኑ ለማን ሄደ?

በዲሴምበር 2020 በኒውዮርክ ፊሊፕስ ጨረታ ቤት አንድ የሼራልድ ሥዕል ቀረበ። በ2015 የተሳለ፣ ሁለት ሴቶች የዋና ልብስ ለብሰው የቆሙበት ሥራ ነው። ግምቱ ከ150,000 እስከ 200,000 ዶላር ነበር። የተሸጠው ግን ከ4.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ብዙ ሰው ዜናውን ሲሰማ "ሠዓሊዋ ሚሊየነር ሆነች" ብሎ ይረዳዋል። ከዚያ ሽያጭ ግን ሠዓሊዋ በሕግ የምታገኘው ድርሻ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠዓሊ ሥዕሉን መጀመሪያ ሲሸጥ ገንዘቡን ከጋለሪው ጋር ይካፈላል። ይህ የመጀመሪያ ገበያ ይባላል። ገዢው መልሶ ሲሸጠው ሁለተኛ ገበያ ይሆናል። በዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል ሕግ ሠዓሊው ከሁለተኛው ሽያጭ ምንም አይደርሰውም። በፈረንሳይ ከ1920 ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ፣ ለሠዓሊው ከዳግም ሽያጩ ትንሽ መቶኛ ይከፈላል። ስለዚህ በርካሽ ጊዜዋ የሸጠች አስተናጋጅ ሠዓሊ ስሟ ሲወጣ ትርፉን የሚያፍሰው ሌላ ነው። የሼራልድ ዓመታት በሕመም ማለፋቸው እዚህ ላይ ቁጥር ሆኖ ይታያል። የሠራችው ጥቂት ነው። ጥቂት ሥዕልና ብዙ ፈላጊ ሲገናኙ ዋጋው ይሰቀላል። ለነጋዴው ይህ ጥሩ ዜና ነው። ሥዕሎቹን ለሕዝብ ማሳየት ለሚፈልግ ሙዚየም ግን በጀቱ አይችለውም።

ኤግዚቢሽኑ እንዴት ተሰረዘ?

"አሜሪካን ሰብላይም" የተባለው ኤግዚቢሽን 50 ያህል ሥዕሎች ይዞ በኖቬምበር 2024 በሳን ፍራንሲስኮ ተከፈተ። በኤፕሪል 2025 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ገባ። በሴፕቴምበር ወደ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ሊሄድ ነበር።

ክርክሩን ያስነሳው በ2024 የተሳለ አንድ ትልቅ ሥዕል ነው። ትራንስጀንደር የሆነች ጥቁር ሴት በነጻነት ሐውልት አምሳል ቆማለች። ችቦ ይዛለች፤ በነበልባሉ ቦታ አበባ አለ። ትራንስጀንደር የሚባለው ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ያለው ሰው ነው። ጉዳዩ በአሜሪካ ፖለቲካ በጣም የሚያጋግል ነው። በአማርኛ ተናጋሪ አንባቢዎች መካከልም አቋም የተለያየ እንደሆነ ግልጽ ነው። እዚህ የምንመረምረው ግን ሙዚየሙ ውስጥ የሆነውን ነው።

ሼራልድ ጋለሪውን ለሚያስተዳድረው ለስሚዝሶንያን ተቋም ኃላፊ ለሎኒ ባንች በጻፈችው ደብዳቤ፣ ሥዕሉ በተቋሙ ውስጥ ስጋት እንደፈጠረና የማውጣት ሐሳብ እንደተነሳ መረዳቷን ገለጸች። ተቋሙ ደግሞ ሰዎች ስለ ሥዕሉና ስለ ጉዳዩ የሚናገሩበት ቪዲዮ እንዲታይ አስቦ ነበር። ቪዲዮው ከሥዕሉ ጎን እንዲሆን እንጂ እንዲተካው አልታሰበም፤ ለውይይቱም ተጨማሪ ጊዜ ፈልገን ነበር ብሏል። ለሼራልድ ግን ቪዲዮው በአንዲት ሴት መታየት ተገቢነት ላይ ክርክር መክፈት ነው። ሥራዎቿን ሁሉ አነሳች። ስለዚህ ሥዕሉን ያወረደው ሰው የለም። ያገዳትም የለም። ኤግዚቢሽኑን ያቋረጠችው ራሷ ናት። የዋይት ሀውስ ባለሥልጣን ግን መቅረቱን ደግፈው ተናገሩ።

ለምን ወደዚህ ተደረሰ? የተቋሙን አሠራር ማየት ይጠቅማል። ስሚዝሶንያን በ1846 የተቋቋመ ሲሆን ከበጀቱ 60 በመቶ በላይ የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥት ነው። የሚመራው 17 አባላት ባሉት ቦርድ ነው። ምክትል ፕሬዝዳንቱና የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት የቦርዱ አባላት ናቸው። በማርች 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝ፣ ምክትል ፕሬዝዳንቱ በቦርድ አባልነታቸው ተገቢ ያልሆነ ርዕዮተ ዓለም የሚሉትን ከተቋሙ እንዲያስወጡ ተባለ። በሜይ መጨረሻ ፕሬዝዳንቱ የፖርትሬት ጋለሪውን ዳይሬክተር ማባረራቸውን ተናገሩ። ሥልጣኑ የቦርዱ ነው የሚል ክርክር ተነሳ። ዳይሬክተሯ ግን በጁን ራሳቸው ለቀቁ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ማንም "ይህን ሥዕል አንሱ" ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም። ሳንሱር ሲባል ብዙዎቻችን ቀይ እስክሪብቶ የያዘ መርማሪ እናስባለን። እዚህ መርማሪው የለም። ሠራተኛው ነገ ምን ሊመጣ እንደሚችል ገምቶ አስቀድሞ ይጠነቀቃል። ለአንዱ ሥዕል ብቻ ማብራሪያ ቪዲዮ ማሰብ ከዚህ ጥንቃቄ የመጣ ይመስለኛል።

የሌላው ወገን መከራከሪያም ችላ የሚባል አይደለም። ሙዚየሙ የሚኖረው በግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። የተመረጠ መንግሥት በሕዝብ ሙዚየም ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል የሚሉ አሉ። ሥዕሉም በሌላ ቦታ እንዳይታይ አልተከለከለም። በሁለት ትልልቅ ከተሞች ታይቷል። ሙዚየም ደግሞ ሁልጊዜም ይመርጣል፣ ይተዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው መራጩ ማን ነው ሲባል ነው። ባለሙያ በሙያው መዝኖ ሲተው አንድ ነገር ነው። በጀትና ሥራ እንዳያጣ ፈርቶ ሲተው ሌላ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ችግሩም ይህ ነው።

ነገሩ በአንድ አስተዳደር የተጀመረም አይደለም። በ2010፣ ኦባማ ፕሬዝዳንት ሳሉ፣ ይኸው ጋለሪ ከአንድ ኤግዚቢሽን ውስጥ ዴቪድ ቮይናሮቪች የተባለውን አርቲስት ቪዲዮ አውጥቶ ነበር። ምክንያቱ ከአንድ የካቶሊክ ድርጅትና ከኮንግረስ አባላት የመጣ ተቃውሞ ነው። ያኔ ሙዚየሙ ራሱ አወጣ። ሌሎች ሙዚየሞች ቪዲዮውን ማሳየት ጀመሩ። የአንዲ ዋርሆል ፋውንዴሽንም ድጋፌን አቆማለሁ አለ። በ2025 የተለየው ሠዓሊዋ መቅደሟ ነው።

ማን እምቢ ማለት ይችላል?

ሼራልድ እምቢ ያለችው ስለምትችል ነው። ስም አላት፣ ትልቅ ጋለሪ ይወክላታል። ሥራዋን የሚቀበል ሌላ ሙዚየም ወዲያው ተገኘ። የባልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ኤግዚቢሽኑን በኖቬምበር 2025 ከፈተ። ከዋሽንግተን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተምራ፣ ምግብ አመላልሳ፣ ልብ ጠብቃ የኖረችበት ከተማ ነው።

የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኗን የምትጠብቅ ወጣት ሠዓሊ ግን ይህ ምርጫ የላትም። "አንዱን ሥዕል እንተወው" ስትባል ትተወዋለች። እንዲህ ያለው ነገር ዜና አይሆንም። የመንግሥት ሙዚየሞች አከራካሪ ሥራ ለመዋስ እየፈሩ ከሄዱ፣ እነዚህ ሥራዎች በግል ገንዘብ ወደሚንቀሳቀሱ ሙዚየሞች ያዘነብላሉ። በነጻ ሊያያቸው ይችል የነበረው ጎብኚ ያኔ ትኬት መቁረጥ ይጠበቅበት ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ በክርክሩ ውስጥ ብዙም አልተነሳም። ሼራልድ ማንሳት የቻለችው ለኤግዚቢሽኑ ሊመጡ የነበሩትን ሥዕሎች ነው። የሚሼል ኦባማ ሥዕል የብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ንብረት ነው። የብሬዎና ቴይለርም ሥዕል ከሁለቱ ባለቤቶቹ አንዱ የስሚዝሶንያን ሙዚየም ነው። በግድግዳ ላይ እንዲቆዩ ወይም መጋዘን እንዲገቡ የሚወስኑት እነዚያው ሙዚየሞች ናቸው። ሠዓሊዋ በእነሱ ላይ ድምፅ የላትም።